ሁለት ቡድን ሲዋሃድ ስሙ፣ ዋንጫውና ዕዳው የማን ነው? የኑሻቴል ክሳማክስ ታሪክ

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። እዚህ ባሕር ዳር ሁለት የሰፈር ክለቦች ለመዋሃድ ተስማምተው መተዳደሪያ ደንብ እየተረቀቀ ነው። አንደኛው የቆየ ስምና ብዙ ደጋፊ አለው። ሁለተኛው ደግሞ ጥሩ ታዳጊዎችና የተሻለ መለማመጃ ሜዳ አለው። ገንዘብ አወጣለሁ ያለ አንድ ነጋዴም ተገኝቷል፤ በምላሹ የሚፈልገው የሊቀ መንበርነቱን ቦታና አሠልጣኝ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ነው።

በስብሰባው ላይ የስዊዘርላንዱ ኑሻቴል ክሳማክስ በምሳሌነት ተነሳ። ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ፣ በውህደት የተፈጠረ ክለብ፣ ተከታታይ ሁለት ዓመት ሻምፒዮን የሆነ፣ ኋላ ግን በአንድ ባለሀብት እጅ ዓመት ሳይሞላው የከሰረ። ግማሹ ሰው «እንደነሱ እንሁን» ይላል፣ ግማሹ «እንደነሱ እንዳንሆን» ይላል፤ ዝርዝሩን ግን የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ የምታውቁ ንገሩን፦ ሲዋሃዱ የማን ስም ቀረ? የድሮው ዋንጫ ለማን ተቆጠረ? የከሰረው በትክክል በምን ምክንያት ነው? እንዴትስ ተመልሶ ቆመ? ከዚህ ውስጥ ደንባችን ላይ መግባት ያለበት የትኛው ነው?

ዓባይ ማዶ

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ እንዳይምታታ።

በኑሻቴል ከተማ ሁለት ክለቦች ነበሩ። አንጋፋው ካንቶናል ነው፤ በ1916 የስዊዘርላንድ ሻምፒዮን ሆኗል። ሌላው ክሳማክስ የምሥረታ ዓመቱ 1912 ነው። ስሙ ከማክስ አቤግለን የመጣ ነው፤ በላቲን ፊደል የተጻፈው ማክስ (Max) ወደ ኋላ ሲነበብ «ክሳም» (xaM) ይሆናል፣ ይህም የተጫዋቹ ቅጽል ስም ነበር። አቤግለን ቀላል ሰው አይደለም፦ ለብሔራዊ ቡድኑ በ68 ጨዋታ 34 ግብ ያስቆጠረ፣ በ1924ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ የብር ሜዳሊያ ካገኘው ቡድን ጋር የነበረ አጥቂ ነው።

ሁለቱ የተዋሃዱት በ1970 ነው። አዲሱ ስም «ኑሻቴል ክሳማክስ» ሆነ፤ ከፊት የከተማዋ ስም፣ ከኋላ የአንደኛው ክለብ ስም። ካንቶናል የሚለው ወደቀ። ለእናንተ ጉዳይ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ የወደቀው የቀድሞው ሻምፒዮን ስም ነው፣ የቀረው ዋንጫ ያልነበረው ክለብ ስም ነው። የከተማዋ ስም ከፊት መምጣቱ ግን የካንቶናልን ደጋፊ ሜዳ ከመምጣት የሚከለክለውን ቅሬታ ቀንሶለታል ብዬ አምናለሁ፤ ማንም ሰው «በእኔ ከተማ ስም የሚጫወት ቡድን የእኔ አይደለም» ሊል አይችልም። ከውህደቱ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ ቡድኑ ከፍተኛው ሊግ ገባ።

ስለ ዋንጫው፦ የ1916ቱ የካንቶናል ነው፣ የ1987ና የ1988ቱ የኑሻቴል ክሳማክስ ናቸው። እናንተም ደንቡ ላይ አባሪ አድርጋችሁ «ከውህደቱ በፊት» እና «ከውህደቱ በኋላ» ብላችሁ በሁለት ዓምድ ጻፉት። አንድ ላይ ከደመራችሁት ከአሥር ዓመት በኋላ ማን ምን እንዳመጣ የሚያስታውስ ሰው ስለማይኖር ክርክሩ ማብቂያ አይኖረውም።

የስዊዝ ዋንጫን (የጥሎ ማለፉን ውድድር) ግን እስከ ዛሬ አንስተው አያውቁም። ለፍጻሜ አምስት ጊዜ ደርሰው (1974፣ 1985፣ 1990፣ 2003፣ 2011) አምስቱንም ተሸንፈዋል። የ2003ቱ በባዝል 6 ለ 0 ነው።

ግሽ ዓባይ

ዓባይ ማዶ የጻፈው ልክ ነው፤ ግን በ1973 እና በ1987 መካከል ያለው 14 ዓመት ሊዘለል አይገባም። ሻምፒዮንነቱ የተሠራው እዚያ ውስጥ ነው።

ጂልቤር ፋኪኔቲ በ1979 ፕሬዚዳንት ሆኖ እስከ 2003 ቆየ። አሠልጣኙ ጂልቤር ግረስ ከ1981 እስከ 1990 ቆየ፤ ከዚያ በፊትም በ1970ዎቹ አጋማሽ እዚያው ነበር። ማለትም አንድ ፕሬዚዳንትና አንድ አሠልጣኝ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። የመጀመሪያው ሊግ የተገኘው ግረስ ከተመለሰ በስድስተኛው የውድድር ዓመት ነው። ለነጋዴያችሁ ይህን ንገሩት። አሠልጣኝ በየሦስት ወሩ የሚቀየርበት ክለብ ውስጥ ስድስት ዓመት የሚባል ነገር የለም።

ተጫዋች አመጣጡም ሥርዓት ነበረው። ኡሊ ሽቲሊከ በ1985 ከሪያል ማድሪድ መጣ፤ ልምድ ያለው፣ ከኋላ ሆኖ ጨዋታ የሚመራ። ሃይንትስ ሄርማን ለስዊዘርላንድ ከመቶ ጊዜ በላይ የተሰለፈ አማካይ ነው። ግብ ጠባቂ ካርል ኤንግል። አየርላንዳዊው ዶን ጊቨንስ ጫማውን የሰቀለው በ1987 ከዋንጫው ጋር ነው። ሁሉንም ኮከብ ከውጭ የገዙ እንዳይመስላችሁ፤ ስማቸው የገነነው ጥቂቶች ናቸው፣ ዙሪያቸውን የሞላው የአገር ልጅ ነው። ፊሊፕ ፔሬን የመሰለ ለዓመታት ያልተነቃነቀ ተጫዋች ነበራቸው።

አውሮፓ ላይ ያደረጉት ደግሞ ከከተማዋ ስፋት ጋር ሲነጻጸር የሚገርም ነው። በ1981/82 የዩኤፋ ዋንጫ ስፓርታ ፕራግን፣ ማልመንና ስፖርቲንግ ሊዝበንን ጥለው ሩብ ፍጻሜ ሲደርሱ ያቆማቸው ሃምቡርግ ነው፦ 3 ለ 2 እና 0 ለ 0። በ1985/86 እንደገና ሩብ ፍጻሜ፤ ማድሪድ ላይ በሪያል 3 ለ 0 ተሸንፈው ቤታቸው 2 ለ 0 አሸነፉ። አንድ ግብ ጎደላቸው። ሪያል ያንን ዋንጫ ወሰደ።

በ1988 ግን መራራው መጣ። ጋላታሳራይን በሜዳቸው 3 ለ 0 ረትተው ኢስታንቡል ላይ 5 ለ 0 ተሸነፉ። የመልሱ ጨዋታ የተካሄደበት ሁኔታ ክስ አስነስቶ ነበር፤ ውጤቱ ግን ጸና።

ለአፍሪካ ተመልካች ቅርብ የሆነው 1991 ነው። አሠልጣኙ ሮይ ሆጅሰን፣ ቡድኑ ውስጥ ሦስት ግብጻውያን፦ መንትዮቹ ሆሳም ሐሰንና ኢብራሂም ሐሰን፣ እንዲሁም ሃኒ ራምዚ። በዩኤፋ ዋንጫ ሁለተኛ ዙር የስኮትላንዱን ሴልቲክ ኑሻቴል ላይ 5 ለ 1 አሸነፉ፤ አራቱን ያስቆጠረው ሆሳም ሐሰን ነው። በቀጣዩ ዙር ሪያል ማድሪድን 1 ለ 0 አሸንፈው በመልሱ 4 ለ 0 ወጡ። ሆጅሰን ከዚያ የስዊዘርላንድን ብሔራዊ ቡድን ይዞ ለ1994ቱ የዓለም ዋንጫ አሳለፈው። የታናሽ ከተማ ክለብ ለአሠልጣኝ መሰላል የሚሆነው እንዲህ ነው።

ሽምብጥ

ወደ ኪሳራው ልሂድ፣ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ስለሚተርከው። እኔም ቀኑንና ወሩን ጭምር በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ክሳማክስ በ2011 ሲሸጥ ጤነኛ ክለብ አልነበረም። ኑሻቴል ያኔ ወደ 33 ሺህ ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። የስዊዝ ሊግ የቴሌቪዥን ገቢ ከጎረቤት አገሮች ጋር አይወዳደርም፤ ከትኬት የሚገባው አይበቃም፤ ጉድለቱን በየዓመቱ የሚሞላው ፕሬዚዳንቱ ከኪሱ ነው። ከ2005 ጀምሮ ይህን የተሸከመው የሕንጻ ተቋራጩ ሲልቪዮ ቤርናስኮኒ ነበር። እሱ ሲደክመው አብላጫውን ድርሻ በግንቦት 2011 የቼቼን ተወላጁ ነጋዴ ቡላት ቻጋየቭ ገዛ።

ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል ተከታተሉ። የስዊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አሠልጣኙ ኦሌ ኒኮል ተሰናበተና በርናር ሻላንድ ተተካ። ግንቦት 29 ፍጻሜውን በሲዮን ክለብ 2 ለ 0 ተሸነፉ፤ ሻላንድም ሄደ። ቀጥሎ ቺኮሊኒ፣ ቀጥሎ ስፔናዊው ካፓሮስ፣ ቀጥሎ ሌላው ስፔናዊ ቪክቶር ሙኞዝ። በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት አሠልጣኝ ማለት ነው። የእያንዳንዱ ስንብት ደግሞ ዋጋ አለው፤ ውል ያለው ሰው ሲባረር ቀሪ ደመወዙ ዕዳ ሆኖ መዝገብ ላይ ይቀመጣል።

ክለቡን የገደለው ግን የሜዳ ውጤት አይደለም። ሊጉ ደመወዝና የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ በጊዜው መከፈሉን፣ ወቅቱን የሚያስጨርስ ገንዘብ መኖሩን በማስረጃ አሳዩ አለ። አሳማኝ ማስረጃ አልቀረበም። ጥር 18 ቀን 2012 ፈቃዱ ተሰረዘ፤ ከስምንት ቀን በኋላ፣ ጥር 26፣ አክሲዮን ማኅበሩ መክሰሩ በፍርድ ቤት ታወጀ። ሊጉ የውድድር ዓመቱን በዘጠኝ ቡድን ጨረሰ።

ልብ በሉ፣ የከሰረው አክሲዮን ማኅበሩ ነው፤ ስሙና ታዳጊው አብረው አልጠፉም። ይህ ልዩነት ባይኖር ኖሮ ዛሬ ክሳማክስ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ደግሞ ብቸኛው አይደለም። ሉጋኖና ሎዛን በ2003፣ አሥራ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው የጄኔቫው ሰርቬት በ2005 በተመሳሳይ መንገድ ከስረዋል። ችግሩን የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ አድርጋችሁ ካያችሁት ትምህርቱ ያመልጣችኋል።

ጣና ዳር

እጅግ አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አንዳንዱ ሰው «ዋናው ሜዳ ነው፤ ጥሩ ሜዳ ካለ ገንዘቡ ይመጣል» እያለ ይከራከራል። ክሳማክስ አዲስ ስታዲየም ነበረው አይደል? ለምን አላዳነውም?

ዓባይ ማዶ

ነበረው። ላ ማላዲዬር የሚባለው፣ ሐይቁ አጠገብ። አሮጌው ፈርሶ አዲሱ እየተሠራ ሳለ ክለቡ የሜዳውን ጨዋታ ከተራራው ላይ ባለችው ላ ሾ ደ ፎን ከተማ ያደርግ ነበር፤ በዚያው ጊዜ፣ በ2006፣ በመለያ ጨዋታ በሲዮን ተሸንፎ ወረደ። በ2007 አዲሱ ተከፈተ፣ ክለቡም በዚያው ዓመት ተመልሶ አደገ። 12 ሺህ ያህል መቀመጫ አለው፤ ሣሩ ሰው ሠራሽ ነው። ሕንጻው ውስጥ የገበያ ማዕከል፣ የስፖርት አዳራሾችና የእሳት አደጋ ጣቢያ አሉ፤ ሜዳው ከላያቸው ነው።

አሠራሩ ብልሃት ነው፤ ሜዳው ባዶ በሚሆንባቸው ቀናትም ሕንጻው ይሠራል። ነገር ግን የሱቆቹ ገቢ የክለቡ አይደለም። ክለቡ ተጠቃሚ ነው፣ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ ጥሩ ሜዳ ተመልካች ያመጣል እንጂ ደመወዝ አይከፍልም። እናንተም ሜዳውን ከከተማው ወይም ከትምህርት ቤት ስታገኙ ማን ያጥራል፣ ማን ሣር ያጭዳል፣ የመብራትና የውኃ ሒሳብ በማን ስም ይቆረጣል፣ ማስታወቂያ ቢሰቀል ገቢው የማን ነው የሚለው በጽሑፍ ይለቅ። በክረምት ሜዳው ውኃ ሲያቁር ማን ያጠነፍፋል የሚለውም አይቅር፤ ባሕር ዳር ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ያልተደለደለ ሜዳን ልምምድ የማይቻልበት ያደርገዋል፣ ክርክሩም የሚነሳው ያኔ ነው።

ሒሳብ ሹም

ደንቡ ላይ ስለሚገባው እኔ ልጻፍ። የክሳማክስን ውድቀት ወደ እናንተ ቁጥር አውርዳችሁ ብታዩት ቁም ነገሩ ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ ስሙ በማን እጅ ነው፣ ቃል የተገባ ገንዘብ እንደ ገባ ገንዘብ ተቆጥሯል ወይ፣ የታዳጊው ሒሳብ ከዋናው ጋር ተቀላቅሏል ወይ።

ስምና አርማ። የክለቡ ስም፣ አርማና የማሊያ ቀለም የአባላቱ ማኅበር ንብረት ነው ብላችሁ ጻፉ። ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም ለመቀየር የጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል በሉ። ነገ ዋናውን ቡድን የሚመራ ድርጅት ቢቋቋም እንኳ ስሙን በውል ይጠቀማል እንጂ አይወስደውም። ድርጅቱ ቢከስር ስሙ ከአባላቱ ጋር ይቀራል።

የውህደት ቀን ቆጠራ። ከመፈራረማችሁ በፊት አንድ የመዝጊያ ቀን ቁረጡ፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 30 ይመቻል፣ የበጀት ዓመት ስለሚዘጋ። በዚያ ቀን ሁለቱም ክለቦች የባንክ ሒሳባቸውን የማረጋገጫ ደብዳቤ፣ የንብረት ዝርዝር (ኳስ፣ መረብ፣ ማሊያ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ቦርሳ ሳይቀር) እና የዕዳ ዝርዝር ያቀርባሉ። ሰው የሚረሳው ዕዳውን ነው፦ ያልተከፈለ የአሠልጣኝ አበል፣ የማሊያ ሰፊ ቀሪ ሒሳብ፣ የመኪና ኪራይ። ዝርዝር ውስጥ ያልተጻፈ ዕዳ የቀድሞው አመራር እንጂ የአዲሱ ክለብ አይሆንም የሚል አንቀጽ አስገቡ። ይህ አንቀጽ ብቻውን ሰው ሁሉንም እንዲያወጣ ያስገድደዋል።

የባለሀብቱ ገንዘብ። እዚህ ላይ ጨከን በሉ። በጀት የሚሠራው ባንክ በገባ ገንዘብ ላይ ብቻ ይሁን። ነጋዴው የዓመቱን ግማሽ ከውድድሩ በፊት ያስገባ፣ ቀሪውን ግማሽ የውድድሩ አጋማሽ ከመድረሱ በፊት። ያልገባ ገንዘብ ተማምኖ ተጫዋች ማስፈረም የተከለከለ ነው በሉ። የገንዘቡም ዓይነት ይለይ፦ ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ብዙ ክለብ የሚያንቀው «እርዳታ» እየተባለ የገባው ገንዘብ ሰውየው ሲኳረፍ ብድር ሆኖ ሲመለስ ነው። በገባ ቁጥር ደረሰኝ ላይ «ስጦታ» ተብሎ ይጻፍና ይፈርም።

ቼክ ላይ ሁለት ፈራሚ ይኑር፤ ሁለቱ ከአንድ ቤተሰብ ወይም ከአንድ የቀድሞ ክለብ አይሁኑ።

ደመወዝ። ተቀጣሪ ካላችሁ በየወሩ ሦስት ወረቀት አንድ ላይ ይታሰር፦ የተፈረመበት የደመወዝ መክፈያ፣ የሥራ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ፣ የጡረታ መዋጮ ደረሰኝ (ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ)። ክሳማክስን ሊጉ የጠየቀው ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። ቡድናችሁ ወደ ላይ እያደገ ከሄደም ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ለክለብ ፈቃድ የሚጠይቃቸው መስፈርቶች አምስት ዘርፍ ናቸው፦ ስፖርታዊ፣ መሠረተ ልማት፣ የሰው ኃይልና አስተዳደር፣ ሕጋዊ እና የገንዘብ። ከአሁኑ ፋይል መያዝ የለመደ ክለብ ያን ጊዜ አይንገዳገድም።

አሠልጣኝ። ሊቀ መንበሩ ብቻውን አይቅጠር፣ ብቻውን አያሰናብት። የሥራ አስፈጻሚው አብላጫ ድምፅ፣ ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ የተጻፈ፣ የቀሪው ውል ክፍያ ከየት እንደሚመጣ አብሮ የተወሰነ። ሦስተኛውን ነጥብ አትተዉ፤ «ከየት እንከፍለዋለን?» የሚለው ጥያቄ በንዴት የሚወሰደውን ስንብት ብዙ ጊዜ ያቆመዋል።

ፋሲሎ

ከሒሳብ ሹም ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በአንዱ ግን አልስማማም። ነጋዴውን እንዲህ በአንቀጽ ካጠራችሁት ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል። ሽምብጥ ራሱ እንዳለው ክሳማክስ ከቻጋየቭ በፊትም ከአንድ ሰው ኪስ ነበር የሚኖረው። ፋኪኔቲም የራሱን ገንዘብና ጊዜ ያፈሰሰ ሰው ነው፤ ያለ እሱ 1987 የለም። ስለዚህ ባለሀብትን መፍራት መፍትሔ አይመስለኝም። ክብሩን ስጡት፦ ስሙ ማሊያ ላይ ይጻፍ፣ የክብር ፕሬዚዳንት ይሁን፣ በዓመት አንድ ውድድር በስሙ ይዘጋጅ። ሥልጣኑን ግን በሁለት ዓመት የሥራ ዘመን ገድቡትና በጉባኤው ምርጫ ይታደስ።

ሒሳብ ሹም

ክብሩ ላይ ልክ ነህ ወንድሜ። የሁለት ዓመቱ ሐሳብም ጥሩ ነው፣ ከደንቡ ጋር ይሄዳል። ገንዘቡን አስቀድሞ ማስገባት ግን አልለቅም። አስቀድሞ ማስገባት የማይችል ሰው በኋላም አይችልም፤ ይህን ከውድድሩ በፊት ማወቅ ተጫዋች ካስፈረሙ በኋላ ከማወቅ ይሻላል።

ሽምብጥ

«እንዴት ተመለሰ?» የሚለው አልተመለሰም፣ ልጨርሰው።

ከኪሳራው በኋላ ክለቡ በአዲስ አደረጃጀት በ2012/13 ከአምስተኛው እርከን ጀመረ። በ2013 ከዚያው ከተማ ከሆነው ሴሪዬር ክለብ ጋር ተዋሃደ፤ ዛሬ ከስሙ ኋላ ያለው «ኤፍ ሲ ኤስ» የሴሪዬር ምልክት ነው። ይኸውላችሁ፣ ሁለተኛ ውህደት፤ በዚህኛው ግን የትንሹ ክለብ ስም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በ2014 ሦስተኛው እርከን፣ በ2015 ሁለተኛው፣ በ2018 በአሠልጣኝ ሚሸል ደካስቴል ሁለተኛውን ሊግ በአንደኝነት ጨርሶ ከፍተኛው ሊግ ገባ። ራፋኤል ኑዞሎ የሚባለው አጥቂ በ2011 ወደ ያንግ ቦይስ ሄዶ ነበር፤ በ2016 ተመልሶ በዚያ ዕድገት ዋነኛው ግብ አግቢ ሆነ።

በ2019 ላለመውረድ አራው ከሚባለው ክለብ ጋር የደርሶ መልስ ጨዋታ ነበራቸው። በሜዳቸው 4 ለ 0 ተሸነፉ። ያኔ አሠልጣኙ ስቴፋን ሄንሾዝ ነው፣ በልጅነቱ እዚያው ተጫውቶ ኋላ ሊቨርፑል የደረሰው ተከላካይ። አራው ሜዳ ላይ ሄደው 4 ለ 0 አሸነፉና በመለያ ምት አለፉ። በቀጣዩ ዓመት ግን፣ በ2020፣ ወረዱ።

ለምን ተመለሱ ካላችሁ፦ ስም፣ ተመልካችና ታዳጊ ስለቀራቸው ነው። የታዳጊ ቡድን ያለው ክለብ ዋናው ቡድን ቢፈርስ እንኳ በቀጣዩ ወቅት አሥራ አንድ ሰው ሜዳ ማስገባት ይችላል። ከእናንተ ሁለተኛው ክለብ ይዞ የመጣው ሀብት ይሄ ነው፤ ስም ከያዘው እኩል ድርሻ ይገባዋል።

ጣና ዳር

ተረድቻለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ታዳጊዎቹን በውህደቱ ጊዜ እንዴት እናስመዝግባቸው? ሁለቱም ክለቦች ከ17 ዓመት በታች አላቸው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ከ40 በላይ ልጅ ነው።

ሒሳብ ሹም

አንዱን እንዳትበትኑ። «ሀ» እና «ለ» ብላችሁ በሁለት ቡድን አስመዝግቡ፣ ውድድሩ ከፈቀደ። ካልፈቀደ ለውድድሩ የሚመዘገበውን ቁጥር ሙሉና የቀሩት በልምምድና በወዳጅነት ጨዋታ ይቆዩ፤ በዓመቱ አጋማሽ መቀየሪያ ጊዜ ካለ በዚያ ይተካኩ።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አቃፊ ያዙ፦ የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ፣ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ በፊርማ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የትምህርት ቤት ማረጋገጫ፣ ከቀድሞው ክለብ መልቀቂያ። መልቀቂያውን ሁለቱም ክለቦች ሕልውናቸው ሳያከትም፣ ማኅተማቸው ሳይመለስ ያውጡት። ክለቡ ከፈረሰ በኋላ መልቀቂያ የሚፈርም ሰው አይገኝም፣ ልጁም አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት ይቀመጣል።

የታዳጊው ገንዘብ በሌላ የባንክ ሒሳብ ይሁን፣ ከፈራሚዎቹም አንዱ የወላጆች ተወካይ ይሁን። ከዚያ ሒሳብ ለዋናው ቡድን ብድር አይወጣም፤ ለአንድ ሳምንትም ቢሆን።